ፖሊ ሲባል፦ ስለ ባህር ዳር ፖሊቴክኒክ እና «ወደቁ» ስለሚባሉት ልጆቻችን

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች። የቸኮላችሁ ሴቭ አድርጓትና ማታ አንብቧት። የድሮ ተማሪዎቼ ግን ማምለጫ የላችሁም፤ 40 ደቂቃ ሙሉ ስታዳምጡኝ የኖራችሁ ልጆች ዛሬ 10 ደቂቃ አታጡም።

ወቅቱ የምረቃ ነው። ሰሞኑን አንድ የክልላችን ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ የዓመት ሥራውን ለጥፎ አየሁ። ሰልጣኞቹ በብቃት ምዘና ምን እንዳመጡ፣ በክህሎት ውድድር ምን ሠርተው እንደቀረቡ፣ ከየትኞቹ ድርጅቶችና ኢንተርፕራይዞች ጋር አብረው እንደሠሩ ዘርዝሯል። ደስ የሚል ነገር ነው። ከታች ግን አንዱ «የወደቁ ልጆች ምረቃ» ብሎ የሳቅ ምልክት ደርድሮበታል። ብዙ ሰውም ላይክ አድርጎለታል። ከላይኮቹ መካከል እኔ ያስተማርኳቸው ሁለት ልጆች አሉ። (ታውቁታላችሁ፣ ስም አልጠራም።)

እኔ ብየዳ አላስተምርም፣ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። ስለዚህ በምችለው በታሪኩ በኩል ልምጣ። «ፖሊቴክኒክ» የሚለው ቃል እዚህ አገራችን ላይ መጀመሪያ ሲሰማ የወደቀ ሰው መጣያ ማለት አልነበረም። እንዲያውም ተቃራኒው ነበር።

ባህር ዳር ወርዳችሁ «ፖሊ» ብትሉ ባጃጁ ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። «ፔዳ» ብትሉም እንደዚያው። የሰፈር ስም ሆነዋል። ፖሊ ግን ሰፈር ከመሆኑ በፊት ትምህርት ቤት ነበር፤ በ1955 ዓ.ም የተቋቋመው የባህር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት። ያቋቋሙትም የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥትና ሶቪየት ኅብረት ተስማምተው ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ንጉሠ ነገሥትና ኮሚኒስት! አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1951 ዓ.ም ሞስኮ ሄደው 400 ሚሊዮን ሩብል ብድር አግኝተው ተመልሰዋል፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 100 ሚሊዮን ዶላር መሆኑ ነው። አሜሪካ ደግሞ አስመራ ላይ ቃኘው ጣቢያን ይዛለች፣ ጦሩን ታስታጥቃለች፣ ዓለማያ ላይ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኩል የእርሻ ኮሌጅ አቋቁማለች። ጃንሆይ ሁለቱንም ወገን ያዩ ነበር። «አንተ እርሻውን ከሠራህ፣ አንተ ደግሞ ቴክኒኩን ሥራ» ዓይነት ነገር። ዛሬ ስለ ዲፕሎማሲ ረጅም ትንታኔ ለሚጽፉልን ሰዎች አንድ ምሳሌ ትሁናቸው። ሶቪየቶች ከዚያ ቀደም አዲስ አበባ ላይ የባልቻ ሆስፒታልን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ በኋላ የአሰብን የነዳጅ ማጣሪያ ሠርተዋል። በመካከሉ ጣና ዳር ላይ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከሉ።

ለምን ባህር ዳር? እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ባህር ዳር በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ከተማ ናት። በቤተ ክርስቲያኖቿና በጣና ታንኳዎቿ ዙሪያ የኖረች፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወደብና የአስተዳደር ቦታ ያደረጋት። በ1950ዎቹ ግን ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡባት። በ1953 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። ገንዘቡ ከየት ይመስላችኋል? ከጣሊያን የጦር ካሳ ነው። የቆቃ ግድብም ከዚያው ካሳ የተሠራ ነው። (ክፍል ውስጥ «ጣሊያን ምን ከፈለን?» ብላችሁ ስትጠይቁኝ ቆቃን ስነግራችሁ ነበር፤ የባህር ዳሩን ፋብሪካም ጨምሩበት።) በ1955 ፖሊ ተቋቋመ። በ1956 ደግሞ ጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ጀመረ።

ፋብሪካ፣ ትምህርት ቤት፣ መብራት። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ከተማ። ፋብሪካው ኃይል ይፈልጋል፤ ጢስ ዓባይ ይሰጠዋል። ፋብሪካውም ማመንጫውም ሠራተኛ ይፈልጋሉ፤ ፖሊ ያሠለጥንላቸዋል። በዛሬ ቋንቋ «የኢንዱስትሪ ትስስር» የምንለው፣ በየሪፖርቱ የምናነበው፣ ባነር ተለጥፎበት ፎቶ የምንነሳበት ነገር ማለት ነው። ያኔ ባነር አልነበረም፤ ትስስሩ የተዘረጋው በውኃ ቦይና በሽቦ ነበር።

ስለ ጢስ ዓባይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም ታገሱኝ። ያ ማመንጫ ትልቅ ግድብ የለውም። ከፏፏቴው በላይ ካለው ወንዝ ውኃውን በቦይ ጠልፎ፣ ተፈጥሮ ራሷ የሠራችውን ገደል ተጠቅሞ ተርባይን ላይ ያወርደዋል። ኃይሉ ከ12 ሜጋ ዋት አይበልጥም። ዛሬ ከጣና ውኃ የሚጠቀመው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ነው። 12 ሜጋ ዋት ዛሬ ምንም አይደለም። ነገር ግን ያቺ ትንሽ ኃይል ፋብሪካ አስነስታለች፣ ከተማ አብርታለች። የዓባይን ውኃ ለመብራት መጠቀም የተጀመረው ገና የፖሊ ቅጥር ግቢ አዲስ በነበረ ጊዜ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለ ዓባይ ስናወራ ከ2003 መጋቢት እንጀምራለን፤ የቆየውን እንዘላለን።

ወደ ፖሊ ልመለስ። ምን ያስተምር ነበር? እርሻ መካኒክ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ ኤሌክትሪክ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨት ሥራ፣ ብረታ ብረት። ዝርዝሩን ደግማችሁ እዩት። በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ጨርቃ ጨርቁ ለፋብሪካው ነው፤ ኤሌክትሪኩ ለማመንጫውና ለመስመሩ፤ እርሻ መካኒኩ ለትራክተሩና ለሰፋፊው እርሻ። ትምህርቱ የተቀረፀው አገሩ ሊሠራ ካሰበው ሥራ ተነስቶ ነው። አሁን አሁን እኮ በተቃራኒው ነው የምንሄደው፦ መጀመሪያ ዲፓርትመንት እንከፍታለን፣ ተማሪ እንሞላለን፣ ከዚያ ሥራ ይፈልግ እንላለን።

ፖሊ ገብቶ የተማረ ልጅ በሰፈሩ የተከበረ ነበር። ቴክኒሽያን ማለት ትልቅ ሰው ነው። ይሄን ከማንም አልተዋስኩትም፤ በዚያ ዘመን የኖረ ማንንም የባህር ዳር ሰው ብትጠይቁ ይነግራችኋል።

ግን ደግሞ ታሪኩን ማር ብቻ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም። ክብሩ ለዲፕሎማው ነበር እንጂ ለእጅ ሥራው አልነበረም። በእኛ አገር የእጅ ሥራ የተናቀ ነው፣ በጣም የቆየ ንቀት። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ቡዳ» ብለን፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» ብለን፣ ከሸማኔና ከሸክላ ሠሪ ጋር ጋብቻ ከልክለን የኖርን ሕዝብ ነን። በሠሩት ማረሻ አርሰን፣ በሸመኑት ጋቢ ሞቀን፣ በሠሩት ድስት በልተን! «ጠይብ» የሚለውን ቃል አስቡት። ጠቢብ ከሚለው ጋር አንድ ነው፣ ጥበብ ያለው ማለት ነው። እኛ ስድብ አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለሙያን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ያስፈለገው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው?

ከእሳቸው በፊት አፄ ቴዎድሮስም በዚሁ ነገር ተቸግረው ነበር። ጋፋት፣ ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ሚሲዮናውያኑን «መጽሐፉን ተዉትና መድፍ ሥሩልኝ» ብለው አስቀመጧቸው። እነዚያ ሰዎች የእጅ ሙያ የተማሩ ስለነበሩ መሥራታቸው አልቀረም፤ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተሠራው እዚያ ነው። ጋፋት ላይ የአገሬው ልጆችም አብረው ሙያ ተምረዋል። እኔ ቀልድም ቢሆን ለተማሪዎቼ የመጀመሪያው ፖሊቴክኒካችን ጋፋት ነው እላለሁ። ንጉሡ ራሳቸው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ሰው ግን ከዚያ ሁሉ የተማረው መድፉን ማድነቅ ነው፣ ቀጥቃጩን ማክበር አልተማረም።

በነገራችን ላይ ጋራዥ ገብታችሁ ቋንቋውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። አባቶቻችን ይሄን ሙያ የተማሩት ከደብተር ሳይሆን ከጣሊያን መካኒክ ሥር ቆመው ቁልፍ እያቀበሉ ነው። በ1934 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ ተከፈተና ነገሩ ትምህርት ቤት ገባ። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም ግን ጎበዝ ነው፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው፣ ሳያፍር።

እሺ፣ ማኅበረሰቡስ? ትምህርት ቤት ከአጥሩ ውጭ ካለው ሕዝብ ጋር ምን ያገናኘዋል? በዚያ ዘመን ስለዚህ በደንብ ያሰቡ ነበሩ። ጎንደርን ውሰዱ። ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። እዚያ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው ለየብቻ ተምረው አይለያዩም ነበር። በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፣ ቆላ ድባን ጨምሮ፤ አንዱ ሲያክም ሌላው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። አዲስ አበባ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ከ1957 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ክፍለ አገር ሄዶ እንዲያገለግል አስገደደ። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ብዙ የገጠር ልጅ ኮሌጅ የገባ ሰው በዓይኑ ያየው ያኔ ነው።

ባህር ዳርም ሁለተኛ ልጅ ወለደች። በመንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የመምህራን ኮሌጁ፣ በኋላ ፔዳ የተባለው፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ጀመረ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠሩ ሕይወት ጋር የሚያስማሙ፣ የጎልማሶች ትምህርትና የማኅበረሰብ ልማት የሚሠሩ ሰዎችን ማውጣት ነበር። ፖሊ ማሽኑን፣ ፔዳ መምህሩን። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩዋቸው እቅድ ይመስላል፤ ምናልባትም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። ስንት ሰው እስከዚህ አነበበ? እጅ አውጡ።

በ1963 እና 64 ዓ.ም መንግሥት ትልቅ ጥናት አስጠናⶌ፤ «የትምህርት ሴክተር ግምገማ» ይባላል። ጥናቱ ያየው ችግር እውነት ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥቂቶችን ብቻ ያስተምራል፣ የሚያወጣው ልጅም ቢሮ እንጂ እርሻ አይመለከትም። መፍትሔው ምን ሆነ? ለሁሉም ልጅ አራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ከሕይወቱና ከሥራው ጋር የተያያዘ፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን ቀስ እያለ፣ በቁጥር ተወስኖ። በወረቀት ላይ ስታነቡት ክፉ አይደለም።

ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር ነው ያነበበው። «የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የድሃ ልጅ ሞፈርና መዶሻ» ብሎ ተረጎመው። ተማሪው ተቆጣ፣ ወላጁ ተቆጣ፣ መምህሩ ተቆጣ። የካቲት 11 ቀን 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎችም በቤንዚን ዋጋ ምክንያት አቆሙ። መንግሥት ጥናቱን አነሳሁ አለ፣ ግን ረፈደ። ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ 11ኛ ክፍል ተምራችሁታል።

አብዮት የሚነሳው በረሃብና በመሬት ብቻ ነው ብላችሁ አታስቡ። ከምክንያቶቹ አንዱ «ልጄን የእጅ ሥራ አስተምራችሁ ልታስቀሩብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ነበር። ያ ፍርሃት ደግሞ ሞኝነት አልነበረም። ወላጅ የሚያየው ማን ቪላ እንደሚኖር፣ ማን ጭቃ ቤት እንደሚኖር ነው። ቢሮ የገባ ሰው ቪላ ሲኖር እያየ «ልጄ መዶሻ ይያዝ» የሚል ወላጅ ከየት ይመጣል? ከዚያው መንግሥት ጋር ግን ፖሊን ማንም አልተቃወመም። ለምን? ፖሊ የገባ ልጅ ቀጥሎ የሚሄድበት ስለነበረው ነው። ፋብሪካው እዚያው ነው፣ ደመወዙ እዚያው ነው። ልዩነቱ ይሄ ይመስለኛል። ሰው የሚሸሸው የእጅ ሥራውን ብቻ አይደለም፣ መንገዱ መጨረሻው ዝግ መሆኑን ነው።

ደርግ መጥቶ በ1967 ታኅሣሥ ወር 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ገጠር አዘመተ። ከዚህ ዘመቻ ላይ ፊደል ያስቆጠረ፣ ጉድጓድ የቆፈረ፣ የካቲት 25 የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬ ማኅበር ያደራጀ ብዙ ነው። የሞተም አለ። ተማሪና ማኅበረሰብ እንደዚያ ጊዜ ተገናኝተው አያውቁም፣ እንደዚያም ተጎድተው አያውቁም። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ስለሚፈልግ አልፈዋለሁ።

ፖሊ በደርግም ቴክኒሽያን ማውጣቱን ቀጠለ። በ1990ዎቹ መባቻ ላይ ከፔዳ ጋር ተዋሕዶ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ምረቃው ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ነው። ዛሬ በዚያ ሥር የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትና የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አሉ። ያቺ ለአንድ ፋብሪካ ብላ የተጀመረች የጨርቃ ጨርቅ ክፍል አድጋ ለአገሩ ሁሉ ኢንጂነር የምታወጣ ሆናለች። ትልቅ እድገት ነው፣ አልክድም። ግን ፖሊ ወደ ላይ ሲያድግ ታች የነበረው ቦታ ባዶ ሆነ። ኢንጂነር በዛ፤ ያ እጁን ዘይት የሚነካው ቴክኒሽያን ክብሩን ይዞለት የሚቆም ትልቅ ስም አጣ።

ባዶውን የሞሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ናቸው። ግን ሲሞሉ አንድ ክፉ ነገር አብሮ ተሠራ። በ1990ዎቹ በወጣው አሠራር 10ኛ ክፍል ተፈትነህ ነጥብ ካመጣህ መሰናዶ፣ ካላመጣህ ቴክኒክ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3። አያችሁት? ሙያን የወደቀ ሰው ቅጣት አደረግነው። ልጁ ብየዳ ስለሚወድ አልሄደም፤ ፊዚክስ ስላልሆነለት ነው የሄደው። አሥር ዓመት፣ ሃያ ዓመት እንደዚህ አድርገን «ለምን ሕዝቡ ቴክኒክን ይንቃል?» ብለን ወርክሾፕ አዘጋጀን፣ ሻይ በብስኩት በላን።

ከ2011 በኋላ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀረ። ከዚያ የ12ኛው መጣ። የ2014 ተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015 ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ የ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ። ከዚያ ወዲህ ትንሽ ከፍ ብሏል። እስኪ ይሄን ወደ ክፍላችን አምጡት። 60 ልጅ ካለበት ክፍል ሁለት ወይ ሦስት። የቀሩት 57ቱ ማን ናቸው? እኔ በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ሬዲዮ ፈትቶ የሚሠራው አለ፣ ፀጉር የምትሠራው አለች፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ብሎ የትምህርት ቤቱን የተሰበረ ወንበር ግን የጠገነው አለ። ክልላችን ደግሞ ባለፉት ዓመታት ያየውን አይቷል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ዓመት ባክኖ፣ ቤተሰብ ተበትኖ ነው ብዙዎቹ የተፈተኑት። እነዚህን «ወደቁ» የምትል ጣት ምን ዓይነት ጣት ናት?

ባለፈው አንዷ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ቲቸር፣ ኤሌክትሪክ ደረሰኝ፣ ፖሊቴክኒክ። እናቴ እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት?» ቶሎ አልመለስኩላትም፣ ይሄ ሁሉ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። እናትየዋን አልፈርድባትም። የ1966 ወላጅ ያየውን ነው ያየችው።

ስለዚህ አሁን ያለው ነገር ምን እንደሚመስል በሐቅ ላውራ። በአሠራሩ መሠረት የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ነው። ከተግባሩም ብዙው «የትብብር ሥልጠና» ተብሎ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሰጠው። ሐሳቡ የሚደነቅ ነው፣ የዱሮው ፖሊና ፋብሪካው ዓይነት ነው። ነገር ግን የማውቀው አንድ ልጅ፣ ለትብብር ሥልጠና የተላከበት ድርጅት ሁለት ወር ሙሉ ሻይ አመላላሽ አድርጎት ነው የጨረሰው። ማሽን አጠገብ «እንዳትነካ» ነው። በመጨረሻ ፎርሙ ላይ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ማኅተም ተመታለት። ሌላዋ የምትማርበት ቦታ ደግሞ ኤሌክትሮድ ሲያልቅ ሳምንት ይጠበቃል፣ ኤሌክትሮዱ ሲመጣ መብራት ይጠፋል። ሪፖርቱ ላይ ይሄ ሁሉ «ከ… ድርጅቶች ጋር ትስስር ተፈጥሯል» በሚል አንድ መስመር ነው የሚገባው።

ደግሞ የሚሠራበትም አለ፤ ባልናገር ግፍ ነው። የኮሌጅ አሰልጣኞች ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ዘንድ እየወረዱ የሥራ ቦታ አደረጃጀቱን፣ ሒሳቡን፣ ማሽኑን እያዩ ይደግፋሉ፤ የኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን ይሉታል። በየዓመቱ የክህሎትና የቴክኖሎጂ ውድድር አለ፤ ከኮሌጅ ተነስቶ እስከ አገር አቀፍ የሚደርስ። እዚያ የሚቀርበውን ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእህል መውቂያ፣ የመኖ መቆራረጫ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የውኃ መሳቢያ። አንዳንዱ ለፎቶ ብቻ ነው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ መጋዘን ይገባል። አንዳንዱ ግን ገበሬው እጅ ይደርሳል። እምቦጭ ጣናን ሲወርስ ዩኒቨርሲቲውም፣ የግል ወርክሾፑም ማሽን ሞክሯል፤ አብዛኛው አረም ግን የወጣው በገበሬ እጅና ከየከተማው በዘመተ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጣና ዳር ሙያ ለቀልድ አይደለም፤ ሐይቁ እንዲኖር የሚሠራ እጅ ይፈልጋል።

ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በእኛ ከተማ የብረታ ብረት ሥራ ከፍቷል። በር፣ መስኮት፣ የጋሪ ቻሲስ ይሠራል፤ በመከር ወቅት ደግሞ መውቂያ ይጠግናል። 10ኛ ክፍል «ወድቆ» ነው ቴክኒክ የገባው። ዛሬ ሦስት ሰልጣኝ ከኮሌጅ ይቀበላል። ሄጄ አየሁ። መጀመሪያ ቀን መጥረጊያ አልሰጣቸውም፣ የዓይን መከላከያ መነጽር ነው የሰጣቸው። ላሜራ አስለክቶ አስቆረጣቸው፤ አንዱ በሁለት ሳንቲ ሜትር አሳንሶ ቆረጠ። ልጁ ደነገጠ። የእኔው ተማሪ ሳቅ ብሎ ቁራጩን አነሳና «ይሄ ለማጠፊያ ይሆናል፣ አሁን እንደገና» አለው። ላሜራ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ አይደል? እኔ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሳላስተምረው የቀረሁትን ሰውዬው በአንድ ዓረፍተ ነገር አስተማረው።

ቀን ላይ ከሦስቱ ልጆች ጋር ሻይ ጠጣን። አንደኛው ዓመቱን ሲጨርስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ብድር ሊጠይቅ ነው። ሁለተኛው ሌቭሉን ጨርሶ ዲግሪ መቀጠል ይፈልጋል፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠየቀኝ። ሦስተኛዋ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆይታ «ቲቸር፣ ሴት ብየዳ ስትሠራ ሰው ይስቃል፣ ገንዘቡን ሲከፍል ግን አይስቅም» አለችኝ።

ለዚያች ኤሌክትሪክ ለደረሳት ልጅ በመጨረሻ የመለስኩላት አጭር ነው። ለእናትሽ የምትነግሪያት ነገር የለም፤ ይልቅ ኮሌጁ ሄደሽ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የተግባር ቦታው ስንት ሰዓት ክፍት ነው፣ ለትብብር ሥልጠና የሚልኩሽ የት ነው፣ ባለፈው ዓመት የተመረቁት አሁን የት ናቸው። መልሱን ለእማማ አንብቢላት። መልስ ከሌላቸውም ደውዪልኝ፣ አብረን እንሄዳለን። «እሺ ቲቸር» አለች። ማክሰኞ ትሄዳለች።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አለ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፖሊ የተማረ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ሳይረፍድ ጠይቋቸው። ከሶቪየት መምህር ጋር በምን ቋንቋ ይግባቡ ነበር? መጀመሪያ የተቀጠሩት የት ነው? የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን ገዙበት? የዱሮ ፎቶ ካለም ላኩልኝ፣ ስማቸውን ሳትጠቅሱ ቢሆንም ችግር የለም። ሰብስቤ ለሚቀጥለው ዓመት የ11ኛ ክፍል ልጆቼ ላሳያቸው ነው።

እነዚያ ሁለት ላይክ ያደረጋችሁት ልጆች ደግሞ ሰኞ የተማሪዎች መውጫ ሰዓት ላይ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። አትፍሩ፣ ሻይ ልጋብዛችሁ ነው። ሻይ ቤቱ ከብረታ ብረት ቤቱ ፊት ለፊት ነው።